ምልክቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል



ይህን የምንጽፈው ሁለት ወንድማማቾች ነን። የትኛውን ዐረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው አንነግራችሁም። አብረን ለመጻፍ ስንስማማ ያስቀመጥነው ሁኔታ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ «ታላቁ» እና «ታናሹ» እያልን እንቀጥላለን።

ነገሩ የአባታችን ቮልስ ነው። የ1967 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ባለ 1300 ሞተር። አባባ መምህር ነበሩ፤ መኪናዋን የገዟት ከሌላ ሰው እጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኖች በተዘጉበት በደርግ ዘመን ወንድሞችንና እህቶችን ወደ ቤት ለቤት ጸሎት ያደርሱባት ነበር። የቮልስ ድምፅ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል። ስለዚህ ከሚሄዱበት ቤት ሁለት ቤት ሲቀራቸው ሞተሩን ያጠፉና በቁልቁለቱ ዝም ብለው ይንሸራተቱ ነበር። ይህን ልጆች ሆነን እንደ ተረት ነው የሰማነው።

የአዲስ አበባ ሰው ለቮልስ ልዩ ትዝታ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ያ ቤተ መንግሥት ካደግንበት ካዛንቺስ ብዙም አይርቅም፤ አባባም በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር ይህንኑ ሳይነግሩን አያልፉም ነበር። የሰፈራችን ስም ራሱ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻር፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ብሮንዚና የሚሉት የመካኒክ ቃላትም የመጡት በዚያው መንገድ ነው። ይህን ያነሳነው ከዚህ በኋላ እነዚህ ቃላት ስለሚበዙ እንዳትሰለቹን ነው።

አባባ በ2011 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄዱ። በዓመቱ እማዬን ደስ ለማሰኘት ብለን ሞተሩን አውርደን በግቢያችን ማደስ ጀመርን። ገጥመን ጨረስን፤ ቁልፉን አዞርን። ሞተሩ አንዴ ጓ! አለና በካርቡሬተሩ በኩል እሳት ተፋ። ታናሹ ጎንበስ ብሎ ያይ ስለነበር ቅንድቡና የእጁ ጸጉር ተለበለበ። እሳቱን በአሮጌ ብርድ ልብስ አጠፋነው። ከአፋችን የወጣውን ግን ማጥፋት አልቻልንም።

አባባ የታመሙት ሌሊት ነበር። አብሯቸው ይኖር የነበረው ታናሹ ነው፤ ይነጋል ብሎ ጠብቆ ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ። እንግዲህ ያን ዕለት በተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መሐል ታላቁ እንዲህ አለ፦ «ምኑን በሰዓቱ ሠርተህ ታውቃለህ? አባባንም እንዲሁ አዘግይተህ ነው የገደልካቸው።»

እዚህ ላይ የምንጨምረው የለም። ታላቁ በዚያው ምሽት ሞተሩን ብቻውን ፈታታው። ክራንክ ሻፍቱም፣ ፒስቶኖቹም፣ ብሎንና ዳዶውም በሁለት ሳፋ ተከምሮ መጋዘን ገባ። ስህተቱ የማን እንደነበረ የሚመሰክር ነገርም አብሮ ተፈታ።

አምስት ዓመት አልተነጋገርንም። የምንሄደው ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዳችን መዘምራን ውስጥ፣ አንዳችን በር ላይ እናገለግላለን። የጌታ እራት ሲቀርብ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ረድፍ ተቀምጠን እንወስዳለን። ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ማለቱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንማ ለወጣቶች አስተምረንበታል። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ጠርተውን ጸልየውልናል። «አሜን» ብለን ወጥተናል። የክርስቲያን ኩርፊያ ከባድ ነው ወገኖች፤ ሰላምታውም ጸሎቱም ስላለው ኩርፊያ አይመስልም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእኛም ቤት አብሮ ሄደ። እማዬና ታናሹ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ቮልሷና ሁለቱ ሳፋዎች በአይሱዙ ተጭነው ቂርቆስ ታላቁ ግቢ መጡ። ስንጭን በቀጥታ አልተነጋገርንም፤ «በዚህ በኩል ያዘው በሉት» እየተባባልን በጫኝዎቹ በኩል ነበር ነገሩ።

ታላቁ ለብቻው ሊገጥማት አሰበ። የቮልስ ሞተር ማቀፊያ ግን እንደ ዳቦ ለሁለት የተከፈለ ነው። ክራንክ ሻፍቱና ካም ሻፍቱ በአንደኛው ግማሽ ላይ ይተኛሉ፤ ሌላኛው ግማሽ ይገለበጥና ከላይ ይወርድባቸዋል። ሲገለበጥ ቫልቮቹን የሚገፉት ትንንሽ ዘንጎች ከየቀዳዳቸው ይወድቃሉ። በግራሶ ያጣብቋቸዋል፤ ቢሆንም አንዱ ማቀፊያውን ሲያወርድ ሌላው ከሥር መያዝ አለበት። ታላቁ ሦስት ቅዳሜ ሞከረ። በሦስተኛው አንዷ ወድቃ እግሩን መታችው። ስልኩን አነሳና ደወለ። ይቅርታ አልጠየቀም። ያለው «እጅ ያስፈልገኛል» ብቻ ነው።

ታናሹ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ።

ስለ ሞተር ብቻ ነበር የምናወራው፤ ስለ ሞተር ማውራት ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የካም ሻፍቱ ጥርስ ላይ አንድ ምልክት አለ፤ የክራንክ ሻፍቱ ጥርስ ላይ ሁለት ነጥብ። አንዱ በሁለቱ መካከል መግባት አለበት። በአንድ ጥርስ ከሳተ ቫልቮቹ ያለ ጊዜያቸው ይከፈታሉ፤ ለማረም ደግሞ ሁሉንም መልሶ መፍታት ነው። አንዱ አየ፣ ሌላው አየ፣ በስልክ መብራት እንደገና አየን። ከደንን፣ አጠበቅን፣ አዞርን። አልዞርም አለ። ከፈትን። አንዷ ብሮንዚና ከፒኗ ላይ በትክክል አልተቀመጠችም ነበር። የዚያን ዕለት ማንም በማንም ላይ አልጮኸም። አሁን ስናስበው እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። የበራሪውን ጎማ ዳዶ ለማጥበቅ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ረጅም የውኃ ቧንቧ ቀጥለን አንዱ ጎማውን ያዘ፣ ሌላው በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለ።

ታይሚንጉ የቀረው ለመጨረሻ ቀን ነው።

መካኒክ ላልሆናችሁ እንዲህ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ በፑሊው ላይ ያለው ምልክት ለአንደኛው ሲሊንደር በአንድ ሙሉ ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ምልክቱ ያው ነው፣ ፒስቶኑም ሁለቱንም ጊዜ ጫፍ ላይ ነው። በአንደኛው ዙር ግን ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው አየሩ ታምቋል፤ እሳት የሚፈለገው ያኔ ነው። በሌላኛው ዙር የጭስ መውጫው ሊዘጋ፣ የአየር ማስገቢያው ሊከፈት ነው። በዚያ ዙር እሳት ከሰጠኸው ነበልባሉ በተከፈተው በር ወደ ኋላ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል። ለመለየት የመጀመሪያውን ካንዴላ አውጥቶ በቀዳዳው ላይ አውራ ጣት ማድረግ ነው። በትክክለኛው ዙር አየሩ ጣትን ገፍቶ ያስነሳል።

ታላቁ በቁልፍ ፑሊውን ያዞራል፤ ታናሹ ጣቱን አድርጓል። ምልክቱ መጣ። «ገፋህ?» አለ ታላቁ። «አልገፋኝም።» አንድ ዙር ተጨመረ። «አሁን?» ታናሹ መልስ አልሰጠም። ጣቱ ተነሥቷል፤ እሱ ግን ቆሞ ይመለከተዋል።

«ጋሼ፣ ያኔ ጣቴን አላደረግሁም» አለ። «ምልክቱን አየሁና በቃ ነው አልኩህ።»

ታላቁ ቁልፉን ሳይለቅ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «አቡሽ፣ ያን ሌሊት እማዬ ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። ስልኬን ድምፅ አልባ አድርጌ ተኝቻለሁ። ያየሁት ጠዋት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

እንዴት እንደተቃቀፍን አንጽፍም። ሁለታችንም ግራሶ በግራሶ ነበርን። የታላቁ ሚስት ቡና ይዛ ወጥታ እንዳየችን ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

በአባባ ቀብር ላይ የተነበበው መክብብ 3 ነበር፤ ለሁሉም ጊዜ አለው የሚለው ክፍል። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ክፍሉን ሌላው ላይ ስናነብበው ኖረናል። ታላቁ «ጊዜውን አላወቀም» ይል ነበር፤ ታናሹ «የመናገር ጊዜ አልነበረም» ይላል። ሽማግሌዎቻችን ያሉን ሁሉ ትክክል ነበር፤ የተባለው ግን ቫልቮቹ ተከፍተው ሳለ ነበረና ወደ ኋላ ወጣ። ይህን ስንል ሽማግሌዎችን መውቀሳችን አይደለም። የተከፈተውን በር የያዝነው እኛ ነን። ሌሊቱኑ ቢወሰዱ አባባ ይተርፉ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ዛሬም አልተመለሰልንም፤ አንዳንድ ቅዳሜ ያነሳነዋል፣ አንዳንዴ አናነሳውም። አሁን የምንጸልይበት አብረን ነው።

ከቡናው በኋላ ሥራችንን ቀጠልን። የእሳት መቁረጫውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አደረግን። በቦቢናውና በሞተሩ አካል መካከል ትንሽ አምፖል አስረን ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ እያልን አዞርን፤ ከላይኛው ጫፍ 7.5 ዲግሪ ሲቀረው አምፖሏ ብልጭ ስትል አጠበቅነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ የጎረቤት መካኒክ ትንሽ ቀደም አድርጉት ብሎን ነበር፣ መጀመሪያ በመጽሐፉ ይሁን አልን። ገመዶቹን በተራቸው ሰካን፦ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። ሦስተኛዋ ሲሊንደር የምታገኘው በዘይት ማቀዝቀዣው አልፎ የሞቀ አየር ስለሆነ ከሌሎቹ በላይ ትግላለች። ስለዚህ በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዲስትሪቢዩተሮች ላይ ፋብሪካው ለእሷ ብቻ እሳቱን ጥቂት አዘግይቶላታል። ታናሹ ይህን ሲሰማ «ለእሷስ መዘግየት ተፈቅዶላታል ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እኛም በዚህ ነገር መሳቅ የቻልነው ያኔ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ እማዬ ነዳናት። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ሁለተኛው ማርሽ ያስቸግራል። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ደርሰን ሞተሩን ሳናጠፋ ክላክስ አደረግን፤ ልጆች ከበቡን። እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች ወረደች። ሁለታችንን ከፊት ወንበር ተቀምጠን ተራ በተራ አየችን፤ ከዚያ እጇን በሞቀው ኮፈን ላይ አሳረፈች።

«አባታችሁ ግን» አለች፣ «ሁለት ቤት ሲቀራቸው ነበር የሚያጠፉት።»