የፎቶ ቤቷ ደሴት

በዓል በመጣ ቁጥር ልጆች ፎቶ ቤት ይገቡና ደሴት ላይ ይቆማሉ። ቆቦም ይሁን አላማጣ፣ ወልድያም ይሁን ደሴ፣ ዘንባባና ባሕር ያለበት ደሴት የተሣለበትን ያንን መጋረጃ የማያውቅ ስለሌለ ዝርዝሩን ለአንባቢ ትዝታ እተወዋለሁ። እኔን የከነከነኝ አንድ ተራ ነገር ነው። ከዘንባባው ጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ ከተራራው ፏፏቴ ይወርዳል፤ ፏፏቴው ደግሞ ወንዝ መሆን እንኳ ሳያምረው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። ዘንባባና በረዶ እንዲህ ተጎራብተው የሚኖሩበት ደሴት የት ነው? እርግጥ ሃዋይ ላይ ማውና ኬያ የሚባል ከ4200 ሜትር የሚበልጥ ተራራ አለ፤ በረዶም አልፎ አልፎ ይጥልበታል። የእኛ ሠዓሊ ግን ማውና ኬያን አጥንቶ ሣለ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ሠዓሊው ደስ ያለውን ሁሉ አንድ ሸራ ላይ ጨመረ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ችግሩ ትንሹ ጥያቄ ትልቁን መጎተቱ ነው። የቆቦ ልጅ በዞብል ተራሮች ፊት መቆም ሲችል፣ ወላጆቹ ከፍለው፣ ማንም ባላየው ደሴት ላይ የሚያቆሙት ለምንድን ነው? የቡና ቤት ሥዕሎች መስፍን ሀብተማርያምን የሚያህል ወግ ጸሐፊ አግኝተዋል። የፎቶ ቤት መጋረጃም ጠያቂ አያጣም ብዬ ነው የተነሣሁት።

መጋረጃውን የፈለሰፈው አንድ ፈረንሳዊ ነው የሚል ነገር ከጭንቅላቴ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ሲጣራም እውነት ነው። ሰውየው አንቷን ክሎዴ ይባላል። የሊዮን ተወላጅ ሲሆን ሙያውን ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጁ ከዳጌር ቀስሞ ለንደን ላይ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ በተነሺው ጀርባ በቀለም የተሣለ መጋረጃ መስቀልንም እ.ኤ.አ. በ1841 በፓተንት አስመዘገበ። ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ቀይ መብራት ማብራትም የዚሁ ሰው ሐሳብ ነው። ዳጌርም ቢሆን የራሱን የፎቶ ዘዴ ከመፈልሰፉ በፊት እንጀራው የቲያትር መድረክ ሥዕል ነበር፤ ስለዚህ ፎቶ ቤት ሲወለድ ጀምሮ የቲያትር ቤት ዘመድ ነው ማለት ነው። ወደ አገራችን ሙያው ሥር የሰደደው በአብዛኛው በአርመኖች እጅ ነው፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፣ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ካሜራ ብቻውንማ ከዚያ በፊት ቆቦ ባለችበት በራያ አናት አልፏል፤ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ናፒየር ጦር ጋር የመጡት ፎቶ አንሺ መሐንዲሶች በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አድርገው ነው መቅደላ የደረሱት። እነሱ ግን ያነሡት ተራራውን ራሱን ነው። ደሴቲቱን ያመጣት፣ እኔ እንደምገምተው፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌና አስመራ የሚዘልቀው፣ ቆቦን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት አውራ ጎዳና ነው። መጀመሪያ በሸራ ላይ ተሥላ፣ ኋላም በሩቅ ምሥራቅ የታተመች ፖስተር ሆና፣ ተጠቅልላ በጭነት መኪና ገብታለች።

እዚህ ላይ አንድ ተቀናቃኝ አስተያየት አለ፤ ሳልደብቅ ልናገር፣ ከእሱ ጋር ቂም አለኝ። ኢትዮጵያ ባሕሯን ስላጣች ሕዝቡ ባሕሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ መጋረጃው የምጽዋና የዳህላክ ናፍቆት ነው ይላል። ለስብሰባ ንግግር ይመቻል፣ እንባም ያመጣል፣ ማስረጃ ግን አይሸከምም። አንደኛ፣ ዳህላክ እንዲህ አይመስልም። ደረቅ፣ ሞቃት፣ ዝናብ የሚርቀው አገር ነው፤ ጥንት ይኖሩበት የነበሩት ሰዎች ለመጠጥ የዝናብ ውኃ በጉድጓድ ያጠራቅሙ ነበር። ፏፏቴ ቀርቶ ወንዝ የለውም። የናፈቀ ሰው የናፈቀውን መልክ እንዲህ አይስትም። ሁለተኛ፣ ባሕር በእጁ ያለውም ሰው መጋረጃ ይሰቅላል። ሞምባሳ ላይ፣ ሊኮኒ ከሚባለው የጀልባ መሻገሪያ አጠገብ የነበሩት ፎቶ አንሺዎች፣ እውነተኛው የሕንድ ውቅያኖስ እዚያው አጠገባቸው እያለ፣ ደንበኛቸውን የሚያቆሙት በተሣለ መጋረጃ ፊት ነበር። ጋናዊው ፊሊፕ ክዋሜ አፓግያ ደግሞ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ተቀምጦ በመጋረጃዎቹ ላይ ያሣላቸው ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና አውሮፕላን ናቸው። በናፍቆት አስተያየት ከሄድን ሞምባሳ ምን አጥታ ነው? ሦስተኛ፣ ባሕሩ የእኛ ተብሎ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ጀምሮ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር እስክትሆን ድረስ፣ ልጆቹን አስከትሎ ለመዝናናት ምጽዋ የወረደ የራያ ቆላ ገበሬ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ለቆላው ባሕር ማለት ጨው ነበር። የአፋር ጨው ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ዝቅተኛው ምድር ገብቶ ደርቆ የቀረ ነው ይላሉ የሥነ ምድር ሰዎች። እንግዲህ ባሕሩ ራሱ በግመል ጀርባ ተጭኖ ገበያ ይመጣ ነበር እንጂ ቆላው ወደ ባሕሩ አልሄደም።

የደሴትን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በእኛ ታሪክ ደሴት የማን ቦታ እንደነበረ ማየት ይጠቅማል። የመነኩሴና የእስረኛ ነበር። ለቆቦ ሰው በቅርብ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ ገዳሙን ሲያቀኑ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከምድር ተያይዟል። ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ግን አይመችም፤ ሴት አይገባበትም፣ እናትና ሴት ልጆች ከደጅ ይቀራሉ። በዳህላክ ያለችውን ኖክራን ጣልያኖች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1933 ዓ.ም. እስር ቤት አደረጓት፤ በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቪየት ባሕር ኃይል ሰፈረባት። አንድ ኢትዮጵያዊት እናት ልጆቿን ይዛ ደሴት ላይ የከረመችበት ታሪክ ይጠቀስ ከተባለ ቀድሞ የሚመጣው የልዕልት ሮማነወርቅ ነው። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ከተገደሉ በኋላ፣ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተወስደው አሲናራ የምትባል የጣልያን ደሴት ላይ ታሰሩ። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ የተጋዙ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸውም ያችን ደሴት ያውቋታል። ልዕልቲቱ አገራቸውን ሳያዩ በ1933 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ ዐረፉ። ራስ እምሩም የታሰሩት ፖንዛ በምትባል ሌላ ደሴት ነው። የፖንዛ ነገር ከርእሴ እንደሚያወጣኝ አውቃለሁ፣ ግን አላልፈውም። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የተወሰደው ወደዚያችው ደሴት ነው፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት እንደሆነ በብዙ ቦታ ተጽፏል። በደረሰ ማግስት 60 ዓመት ሞላው። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ወደ ሌላ ደሴት አዛወሩት። የግፍ ዋጋ በዚህ ዓለም ሲከፈል አድራሻ እንኳ እንደማይሳሳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ወደ ፎቶ ቤቱ እንመለስ። ሞቃታማው ደሴት የሚያማልለው በሙቀቱ ነው እንዳንል፣ ሙቀቱ ቆቦ ሞልቷል። ቆቦ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ያህል ነው የምትርቀው፤ የሃዋይዋ ሆኖሉሉ 21 ዲግሪ ትርቃለች። በፀሐይ ከሆነ የቆቦ ልጅ ከሆኖሉሉ ልጅ ይልቅ የሐሩር ልጅ ነው። ፓፓያም አለው፣ ማንጎም አለው፣ አሸዋም ቢሆን የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ከበቂ በላይ ያመጡለታል። የሌለው ዕረፍት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ማሳው ግን አይዘጋም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላው ላይ ማስተኛት የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው፤ ከብቱም ጠባቂ ይፈልጋል። እሸቱ ሲደርስ ደግሞ ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ከወፍ ጋር ይጣላል፤ ትምህርት ቢከፈትም ወፏ የትምህርት ሚኒስቴርን ካሌንደር አታውቅም። ለሴቶች ልጆች በነሐሴ አጋማሽ ሶለል አለላቸው፤ ሹርባቸውን ተሠርተው፣ ከበሯቸውን ይዘው በየቤቱ የሚዞሩባቸው ቀናት እውነተኛ ዕረፍት ናቸው። ከሶለል እስከ እንቁጣጣሽ ባለው ጊዜ ልጆቹ አምረው፣ ለብሰው፣ እጃቸው ላይም ጥቂት ሳንቲም ገብቶ ይገኛሉ፤ ፎቶ ቤት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። እንግዲህ መጋረጃው የሚሰጠው የጎደለውን ነው። ቦታው ምንም ሥራ የሌለበት ቦታ ነው። ዘንባባው አይታረምም፣ አሸዋው አይታረስም፣ ባሕሩ አይጠለፍም፣ ወፍም ካለ የሚበላው የሰው እህል የለም። ደሴቲቱን ደሴት ያሰኛት፣ በእኔ ፍርድ፣ ይህ ነው። ለገበሬ ልጅ ሥራ የማይታይበት መልክዓ ምድር ማግኘት ከባድ ነው፤ የዞብል ተራሮች እንኳ ሲታዩ ከብትና እንጨት ያስታውሳሉ።

ለምን ታዲያ ላሊበላ ወይም የፋሲል ግንብ አይሰቀልም የሚል ይኖራል። ይሰቀላል፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። ላሊበላ ፊት የተነሣ ሰው ላሊበላ ሄጃለሁ ማለቱ ነው፤ ሄደሃል ወይ ተብሎ ይጠየቅበታል፣ ለቆቦ ሰው ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ውሸቱ ቶሎ ይነቃበታል። ደሴቲቱ ስም ስለሌላት ማንም አይጠይቅባትም። ከዚህ የከረረው ትችት፣ መጋረጃው ልጅን አገሩን ያስንቀዋል፣ የውጭ ምኞት ያስተምረዋል የሚለው ነው። በዚህ ትችት ውስጥ እውነት የለም አልልም፤ በተለይ ሸራው ለኮምፒዩተር ቦታ ለቆ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ዱባይ ሕንፃ ሥርና ኤፍል ማማ ሥር መቆም ከጀመረ ወዲህ። ያም ሆኖ የድሮውን መጋረጃ ተጠግቶ ማየት ይበጃል። ባሕሩ የሚያልቀው ሊሾ ላይ ነው። በሸራውና በወለሉ መካከል አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ይታያል፤ ሸራው ታጥፎ የኖረበት መስመር ሰማዩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ልጁ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ አሸዋው ላይ ቆሟል፣ ከጎኑ በቆርቆሮ ጣሳ የተተከለ የፕላስቲክ አበባ አለ። ማንንም ያታለለ ነገር የለበትም። ፎቶ አንሺው፣ እናቱ፣ ልጁም ሁሉም ያውቃሉ። ኮምፒዩተሩ ግን ጫፉን ይደብቃል፤ ከሁለቱ ሐቀኛው ሸራው ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሞቃታማ ደሴት የሚያደርገው ጉዞ ለሀብታም ዓለም የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ሒሳብ ነው። በቆቦ የአንድ ፎቶ ዋጋ ነው፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር አብሮ ይገባበታል፣ እንደ ሐይቅ ሴት አይከለከልበትም፣ እንደ አሲናራም መውጫው አይቆለፍም። ስለዚህ መጋረጃውን የናፍቆት ምልክት ብሎ ማልቀስም፣ የቅኝ አስተሳሰብ ብሎ መርገምም ከልክ ያለፈ ነው። የክሎዴ ፓተንት ከተመዘገበ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ራያ ደርሶ፣ ፈልሳፊው ያላሰበውን ሥራ ሠርቷል፤ ለማያርፍ ልጅ የአምስት ደቂቃ ዕረፍት ሰጥቷል። ፎቶዎቹ ግን እያለቁ ነው። ኔጋቲቩ ይሻግታል፣ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል፣ ሸራው የሸቀጥ መሸፈኛ ይሆናል፤ ቆቦ ደግሞ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ሰው ቤቱን ጥሎ የሸሸባት ከተማ ናት። አልበማችሁ የተረፈላችሁ፣ ደሴት ላይ የቆመውን ልጅ ፈልጉት፤ ፎቶውን ገልብጡና ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የፎቶ ቤቱንም ስም በእስክሪብቶ ጻፉበት። ደሴቲቱ ስም ባይኖራት ግድ የለም፤ ልጁ ግን አለው።