በሌሊት የሚታይ ብርሃን

በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ በኩል ሌሊት የሚያልፍ እንግዳ፣ ከጋራው ሥር ቀይ ነገር ቦግ ብሎ እልም ሲልበት ይደነግጣል። የአገሩ ሰው አይደነግጥም፤ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ እየከሰለ መሆኑን ያውቃል። እንጨቱ በአፈር ተደፍኖ፣ አየር እየተቆጠበለት ነው የሚከስለው። ድፍኑ የተሰነጠቀ እንደሆነ አየር ይገባና ፍሙ ይንቦገቦጋል፤ ባለቤቱ ደርሶ አፈር ሲመልስበት ይጠፋል። እንግዳውም ያየውን አልዋሸም።

*

የጅብ ዓይን ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ከዓይኑ በስተኋላ ያለው ሽፋን የባትሪያችንን ብርሃን ይመልሰዋል። ባትሪውን ብታጠፉት ዓይኑም ይጠፋል።

*

እንጅባራ ላይ ጉም ሲወርድ፣ በባሕር ዳር መንገድ የሚመጣ መኪና መብራት ቅርጹን ያጣል። የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ሁለቱ መብራት አንድ ትልቅ ክብ ይሆናል። የሞተሩ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ መኪና ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

*

ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ሣር ሚቴን ያወጣል። ሚቴን ግን በራሱ አይቀጣጠልም። ረግረግ ላይ ሌሊት የታየን ብርሃን «የረግረግ ጋዝ ነው» ብሎ መዝጋት ታዲያ ቸኩሎ መፍረድ ነው፤ ማን ለኮሰው? አየር ሲነካው የሚነድ የፎስፎረስ ውህድ ነው የሚሉ ኬሚስቶች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም።

*

መብረቅ ከወረደ በኋላ እንደ ኳስ የሚንሳፈፍ እሳት አየሁ የሚል ሰው በየአገሩ አለ። ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን አላመኑትም። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ቻይና ውስጥ፣ ቺንግሃይ ላይ፣ ተራ መብረቅ ለማጥናት የተተከለ ካሜራ እንዲህ ያለውን ኳስ ከነብርሃኑ ቀለማት ቀረጸው። ብርሃኑ ሲተነተን ሲሊከን፣ ብረትና ካልሲየም ታየበት፤ ሦስቱም ከአፈር የሚገኙ ናቸው። መብረቁ አፈሩን አትንኖት ሊሆን ይችላል። የአዊን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ወሬ በቀላሉ አያልፈውም። ለእኔ የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ ስንት እውነተኛ ምስክር «ቅዠት ነው» እየተባለ አፉን ዘግቶ ኖሯል!

*

ጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደደ የሚያልፍ ነገር ታየ። ተወርዋሪ ኮከብ ይሆን ወይስ የሳተላይት ስባሪ? ተወርዋሪ ኮከብ በሰከንድ ቢያንስ 11 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ከምሕዋር የሚወድቅ የሳተላይት ስባሪ ፍጥነቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሰማዩን ለማቋረጥ ይቆያል። በልቡ ሰከንድ የቆጠረ እረኛ ሁለቱን ሊለይ ይችላል።

*

እንዲህ ያለ ብርሃን ያያችሁ እንደሆነ፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና የቆየበትን ጊዜ ጻፉ። ደመናው እያጉረመረመ ከሆነ ግን ዛፍ ሥር ቆማችሁ አትመልከቱ፤ ቤት ግቡ።