ከኮምፒውተር ወደ ስልክ፦ ቃል ሲሻገር አማናው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ስልክ አሻግሮ ለሰው መላክ። እኛ ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ በመስጊድ ኢማሙን የምናግዝ ሰዎች ግን ከሳምንታችን ብዙው የሚያልፈው በዚሁ ነው። የኹጥባው ፍሬ ሐሳብ፣ የደርስ ሰዓት፣ የጀናዛ ጥሪ ሁሉም መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይተየባል። ጀመዓው የሚያነበው ግን ስልኩ ላይ ነው። በመሐል ያለችው መንገድ አጭር ብትሆንም ብዙ ነገር ይወድቅባታል።

አንዱን እንንገራችሁ። የአንድ አባት ጀናዛ ጥሪ በአንድ ኮምፒውተር ቤት ተሠርቶ መጣ፤ ዙሪያው በጌጥ ያማረ ምስል ነበር። ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ኮምቦልቻ ያለ የሟች ዘመድ አንድ ነገር እንደተላከለት አየ፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ግን ምስሉ አልከፈት አለው። ከሰዓታት በኋላ ሲከፈትለት ተሳፍሮ ቢመጣም ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ያ ጥሪ በፊደል ቢላክ ኖሮ አራት መስመር አይሞላም፤ በደካማ ኔትወርክም ይገባ ነበር። ስልካቸው ጽሑፍን በድምፅ እያነበበላቸው የሚከታተሉ ዓይነ ስውራን ወንድሞቻችንም አሉ፤ ለእነሱ ምስል ብዙ ጊዜ የተዘጋ በር ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ምስል ይልካል? ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ስልክ ላይ ሲያሳርፈው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሚሆንበት ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ፊደል ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ ግዕዙ ከላይ የለበሰው ልብስ ነው። ያ ልብስ ስልካችሁ ላይ ስለሌለ ጽሑፉ ራቁቱን ይደርሳል።

መፍትሔው ከመጣ ቆይቷል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል አካቷል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው፤ "ሀ" በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመናዊ ስልክ "ሀ" ነው። ስለዚህ ስትተይቡ በዩኒኮድ ተይቡ። ፓወር ግዕዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙ ላይ "ዩኒኮድ" የሚል ያለበትን የፊደል ዓይነት ምረጡ። በኖትፓድ ስታስቀምጡ ደግሞ "ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጡ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ማሻገሩ ራሱ ቀላል ነው። ቴሌግራምን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታችሁ ጽሑፉን ለራሳችሁ፣ መልእክት ማስቀመጫው ላይ ላኩት፤ ወዲያው ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። በሰው ኮምፒውተር ከሆነ ሳትወጡበት አትነሱ፤ የመስጊድ ቻናል ቁልፍ አማና ነው። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ፋይሉን በኬብል ወደ ስልክ አውርደን በብሉቱዝ እየተቀባበልን ነው የቆየነው። ያኔም ቢሆን በዩኒኮድ የተጻፈው ሳይበላሽ ከስልክ ስልክ ይዞር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኪታብ ስንቀራ ሸይኾቻችን ካስያዙን ነገር አንዱ የገልባጭ አደብ ነው። የእኛው ወሎ ከጥንት ጀምሮ የገልባጮች አገር ነው። እነ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም እየጻፉ ትተውልን አልፈዋል። በእጅ የተጻፉ የዐረብኛ ኪታቦችን ብትገልጡ ከገጹ ግርጌ ብቻዋን የተጻፈች ቃል ታገኛላችሁ። የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ናት፤ ተዕቂባ ትባላለች። ገጾቹ ቢበታተኑ እንኳ ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ ነው።

ይህቺ ተዕቂባ ዛሬም ታስፈልገናለች። ቴሌግራም በአንድ መልእክት የሚቀበለው 4096 ፊደልና ምልክት ነው፤ ሲበልጥ ከማይሆን ቦታ ይከፈላል። የስልክ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ፣ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ረጅሙ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴ የኋላው ቀድሞ ይደርሳል፣ ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። ስለ ሰጋጆች የሚናገረውን የማዑን ሱራ አራተኛ አንቀጽ አንብቦ እዚያው የቆመ ሰው ምን ዓይነት የተሳሳተ ትርጉም ላይ እንደሚወድቅ ደረሳ ሁሉ ያውቃል። የፈትዋ መልስም "ይፈቀዳል" ላይ ተቆርጦ ሸርጡ ከቀረ ያው ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ከሐሳቡ ማለቂያ ላይ ክፈሉት፤ "1 ከ3፣ 2 ከ3" እያላችሁ ቁጥር ስጡት። የጀናዛ ጥሪ ከሆነ ስሙ፣ ሰዓቱና ቦታው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን።

ዐረብኛና አማርኛ ሲቀላቀሉም ተጠንቀቁ። አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ስለሚነሳ በአንድ መስመር ከተጻፉ ቅንፉና የአንቀጹ ቁጥር ቦታ ይለዋወጣሉ። አንቀጹን ለብቻው በአንድ መስመር፣ ትርጉሙን ከሥሩ አድርጉት።

የመጨረሻው አደብ ሙቃበላ ነው፤ የተገለበጠውን ከመነሻው ጋር ማስተያየት። የዱሮ ገልባጭ ከዋናው ኪታብ ጋር ሳያስተያይ "ጨረስኩ" አይልም ነበር። እኛም አንዳችን ከኢማሙ ወረቀት ላይ ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን ስልኩ ላይ ዓይናችንን እናሳርፋለን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ነው ለጀመዓው የሚላከው።

ወጣቶች ሆይ! በየቤታችን ኮምፒውተርና ስልክ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። አባቶቻችሁ "እስቲ ይሄን ላክልኝ" ሲሏችሁ የሚሰጧችሁ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ቃላቸውን ነው። እንደሰጧችሁ ይድረስ። የቆየ በልብሱ ብቻ አማርኛ የሆነ ጽሑፍ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ያነበበው ሰው በሕይወት ሳለ ወደ ዩኒኮድ መልሱት።

አላህ አማናን ከሚያደርሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።