«ልብ ወለድ ነው?»

እናቴ ልትጠይቀኝ ሎስ አንጀለስ ስትመጣ «ሆሊውድን አሳየኝ» አለችኝ። ተራራው ላይ ያሉትን ነጫጭ ፊደሎች ከሩቅ አየችና «ይኸው ነው?» ብላ ዝም አለች። በማግስቱ ፌርፋክስና ዊልሸር ጎዳናዎች የሚገናኙበት ቦታ ወዳለው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም ወሰድኳት። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመረቅ ከተሸለሙት አንዱ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። ይህን ስነግራት ደስ አላት። ከዚያ በዚያው በፌርፋክስ በእግራችን ወርደን ሊትል ኢትዮጵያ ምሳ ገባን።

ምግቡ እስኪመጣ የጻፍኩትን ወረቀት አወጣሁላት። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ማታ ማታ ግን በአማርኛ አንድ ታሪክ እጽፍ ነበር። ታሪኩ የእሷ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ለታሰረው ወንድሟ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላትና «ከነገ ጀምሮ እንዳታመጪ» አላት። ምን ማለት እንደሆነ የገባት ቤት ደርሳ እናቷ ስትጮህ ነው።

መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን ገጽ አየች። ከርዕሱ ሥር «አጭር ልብ ወለድ» ይላል።

«ልብ ወለድ? ታዲያ ወንድሜ አልነበረም ማለት ነው?»

እዚህ ላይ ቃሉን ላስረዳችሁ። ልብ ወለድ «ልብ የወለደው» ማለት ነው። በአማርኛ ልብ የፍቅርና የሐዘን ቦታ ብቻ አይደለም፤ ማሰቢያም ነው። አስተውሉ ለማለት «ልብ በሉ» እንላለን፤ ልጅ አድጎ ማመዛዘን ሲጀምር «ልብ ገዛ» ይባላል። ስለዚህ ልብ ወለድ አንድ ሰው አስቦ የፈጠረው ታሪክ ነው። ድርሰት ከዚህ ይሰፋል፤ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚጽፈውም፣ ቴአትሩም ድርሰት ነው። በኢትዮጵያ ፊልም መጀመሪያ ላይ «ድርሰትና ዝግጅት» የሚል ስታዩ የጻፈውና ያዘጋጀው ሰው ስም ይከተላል።

ልብ ወለድ የሚለውን ስም ያገኘነው ከአንድ መጽሐፍ ርዕስ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበር። (አዎ፣ የመጀመሪያው የታተመው ውጭ አገር ነው!) በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣ ልጅ ናት።

ቃሉ ግን ሌላ መልክም አለው። ሰው ያልሆነውን ሆነ ሲል «የእሱ ወሬ ልብ ወለድ ነው» ይባላል። ፈጠራም እንደዚሁ ነው፤ «የፈጠራ ሥራ» ሙገሳ ሲሆን «የፈጠራ ወሬ» ውሸት ነው። እናቴ የሰማችው ይህንን ነበር።

«የጨመርኩት ነገር ስላለ ነው» አልኳት።

«ምን ጨመርክ?»

«ያን ቀን ዝናብ ነበር ብያለሁ። ለዘበኛው ደግሞ ጢም አድርጌለታለሁ።»

«ምን ዝናብ አለ! ፀሐይ ነበር እንጂ። ምሳ ዕቃው ግሎ እጄን ያቃጥለኝ ነበር።»

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስለ ምሳ ዕቃው ግለት ነግራኝ አታውቅም።

በየዓይነቱ መጣ። ጥቂት ጎረሰችና ተወችው። «እውነተኛ ታሪክ ልበለው?» አልኳት፤ ግን ይህም ከበደኝ። ዘበኛውና እሷ የተነጋገሩትን ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቡና እየጠጣን ወረቀቱን እንደገና አነሳችው።

«ቃሉን እንደፈለግህ አድርገው፤ የተማርከው አንተ ነህ። ስሙን ግን ለምን ቀየርከው?»

«ልብ ወለድ ላይ ስም ይቀየራል ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«መልስልኝ።»

ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የፈጠርኩትን ስም በአጎቴ ስም ተካሁት። 31 ቦታ ላይ ነበር። ዝናቡንም አወጣሁት። ከርዕሱ ሥር ያለውን ቃል ግን እስካሁን አልነካሁትም።