ከወንበር ሥር የታጠፈው ቀንድ

ኡም ጋርጉር በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የተቀበለው ከኤርትራው ጦርነት የሸሹትን ነበር፤ ዛሬ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ልጅ የዳሩ ሰዎች አሉ። በግዛቲቱ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ በስፋት ይዘረጋል። በበጋ ምድሩ በሐሩር ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያው ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መኪናን አላላውስ ይላል። በዚህ ስፍራ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ይኖር ነበር። አማርኛን አስመራ ተማሪ ቤት የተማረ፣ ዐረብኛን ገዳሪፍ ገበያ የለመደ፣ ሙያውን ግን ከተበላሹ ዕቃዎች የቀሰመ ሰው ነው።

የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የሚኒባስ ሾፌር ወደ ጠጋኙ ሱቅ መጣ። የጠጋኙ የእኅት ልጅ ልትዳር አሥራ አምስት ቀን ቀርቷታል፤ ሙሽራዋን የሚያጓጉዘው ይህ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ መኪናዬ ዘፈን ትከፍታለች እንጂ ከበሮ የላትም። የሠርግ መኪና ያለ ከበሮ እንዴት ይሆናል? እርስዎን ተስፋ አድርጌ መጥቻለሁ» አለ። በእጁ የያዘው ከሌላ መኪና የተነቀለ ባለ 8 ኢንች እስፒከርና አንድ አነስተኛ አምፕሊፋየር ነበር። ሊሰጥ የሚችለውም ቦታ ከኋለኛው ወንበር ሥር ያለውን ብቻ ነው፤ ተሳፋሪ የሚቀመጥበትን ቢሰጥ እንጀራውን መስጠት ይሆንበታል። ጠጋኙ ኮምፖንሳቶውን በራሱ ገንዘብ ሊገዛ፣ ሥራው ካልሠመረም ኪሳራውን ሊችል ተስማማ። የእኅቱ ልጅ ሠርግ ነውና በዋጋ ለመከራከር አፉ አልታዘዘለትም።

ገንዘብ ላለው ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ትልቅ አምፕሊፋየር መግዛት። ነገር ግን 500 ዋት የሚያወጣ መሣሪያ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ40 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ይህን ለአሮጌ ሚኒባስ መጫን ባትሪውን መግደል ነው። ተራ እስፒከር ደግሞ ከሚጎርሰው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው 1 ከመቶ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የእስፒከሩ ወረቀት ከባድ፣ አየሩ ግን ቀላል ስለሆነ፣ ነገሩ አየርን በመዳፍ እንደ መምታት ነው፤ ክንድ ይደክማል እንጂ አየሩ ብዙም አይገፋም። ቀንድ የሚባለው ቅርፅ ግን ከጠባብ ጉሮሮ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሰፋ አየሩን ለወረቀቱ ያከብድለታል። ማርሽ ለመኪና የሚሠራውን ሥራ ቀንድ ለድምፅ ይሠራል። በደንብ የተሠራ ትልቅ ቀንድ ከተሰጠው ኃይል ከ10 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ድምፅ ሊለውጥ ይችላል።

ይህ ለሐበሻ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአዋጅ ቀን ከነጋሪት ጋር ይነፋ የነበረው መለከት አፉ የሰፋው ለጌጥ አልነበረም። የጥንቱ ግራማፎንም በኤሌክትሪክ ሳይረዳ ቤት ሙሉ ሰው የሚያሰማው በቀንዱ ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ያለ ቀንድ የሚሠራውን እስፒከር አስተዋወቁ፤ አምፕሊፋየሮችም ጉልበት እያገኙ ሲሄዱ ቀንድ ከየሳሎኑ ወጣ። ፖል ክሊፕሽ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ግን በ1940ዎቹ ቀንዱን በሳጥን ውስጥ አጥፎ በክፍል ማዕዘን አስቀመጠው፤ ግድግዳዎቹ ራሳቸው የቀንዱ ተቀጥላ ሆኑለት።

የጠጋኙ ችግር መጠኑ ነበር። በሞቃት አየር ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል። የትልቅ ከበሮን ጉምጉምታ ለማውጣት ወደ 40 ሄርዝ መውረድ ቢያስፈልግ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8.75 ሜትር ይሆናል። በሜዳ ላይ ለቆመ ቀንድ የአፉ ዙሪያ ይህን ያህል መሆን ነበረበት፤ ይህም ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ነው። ሚኒባሱ ራሱ ያን ያህል አይሰፋም። ሆኖም መኪና ሜዳ አይደለም፤ ዝግ ሳጥን ነው። ከመኪናው ውስጣዊ ርዝመት እጥፍ በላይ የሆነ ሞገድ በውስጡ ሊዘረጋ ስለማይችል ግፊቱ እየተጠራቀመ ወፍራሙን ድምፅ ያጎለብተዋል።

ስለዚህ ቶም ዳንሊ የተባለው አሜሪካዊ ያስፋፋውን ዘዴ መረጠ። በዚህ ዘዴ የእስፒከሩ ፊት ከጉሮሮው አጠገብ፣ ጀርባው ከአፉ አጠገብ እየሆነ ሁለቱም ወደ አንድ ቀንድ ይገባሉ፤ ለጀርባው የተለየ ክፍል አያስፈልግም። ሳጥኑን 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ስፋት፣ 35 ከፍታ ሰጥቶ መንገዱን በውስጡ አንድ ጊዜ አጠፈው። የታጠፈው መንገድ ሲለካ 2.2 ሜትር ያህል ሆነ፤ የ40 ሄርዝ ሞገድ ሩብ ማለት ነው።

በስድስተኛው ቀን ተሞከረ። ከስልክ የሚወጣውን ወጥ ድምፅ ከ30 ሄርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። በ40 ሳጥኑ ዝም አለ። ከ50 በላይ ሲደርስ ብቻ በድንገት ጮኸ። ይህ ከበሮ ሳይሆን በርሜል ነበር።

ጠጋኙ መጀመሪያ የጠረጠረው ሙቀቱን ነው። ሲያሰላው ግን በ20 ዲግሪ 343 ሜትር የሚሮጠው ድምፅ በ40 ዲግሪ 355 ቢሆን ነው፤ ልዩነቱ 4 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ዕጣን አጨሰና ጢሱን በየመጋጠሚያው አዞረ። በአንዱ ጥግ ጢሱ ከድምፁ ጋር እየተርገበገበ ሲበተን አየ፤ ቀዳዳውን በሰጋቱራና በኮላ ደፈነው። ድምፁ ጠራ፤ አልወረደም። እውነተኛው ስሕተት የተገለጠለት ሌሊት ነው። የሩብ ሞገድ ስሌት የሚሠራው ወርዱ እኩል ለሆነ ቧንቧ ነው። ከጠባብ ጫፉ ተዘግቶ ወደ አፉ የሚሰፋ ከሆነ ግን፣ ርዝመቱ ያው ሆኖ ሳለ ቃናው ይወጣል። እርሱ በጣም አስፍቶት ነበር።

ሆፍማን የተባለ የእስፒከር ሊቅ ስም የወጣለት አንድ ሕግ አለ፤ ሳጥን ትንሽ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጉልበቱም ብዙ እንዲሆን አይቻልም፤ ከሦስቱ ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን መተው ግድ ነው። ቦታው ተወስኗል። የሚመረጠው ከጩኸትና ከወፍራምነት አንዱ ነው። ጠጋኙ የተጣበቀውን ክዳን በመሮ ፈነቀለ፤ ከሱቁ መደርደሪያ አንዱን ሳንቃ ነቅሎ አፉን አጠበበው። የሠርጉ ቀን አራት ቀን ሲቀረው ሳጥኑ በ40 ሄርዝ ተነፈሰ።

ሾፌሩ ግን ቅር አለው። መስኮት ሲዘጋ የሚያምረው ድምፅ መስኮት ሲከፈት ይቀንሳል፤ ተጠራቅሞ የነበረው ግፊት ያመልጣልና። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት መስኮት ማን ይዘጋል? ጥቂት ይጨምሩልኝ» አለ። ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ እዚያ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ጆሮ አላቸው። የእኔ አንዱ ጆሮ ዛሬም እንደ ፌንጣ ይጮኻል፤ በወጣትነቴ ከእስፒከር ፊት ቆሜ ነው» አለው። የድምፁን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያም ሾፌሩ በማይደርስበት ቦታ አሠረው።

በሠርጉ ዋዜማ የጠጋኙን እናት አመጧቸው። እርጅና ከጆሮ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የወፍን፣ የሕፃናትን። ዘፈን የሚሰሙ መምሰል ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ሲያጨበጭብ አይተው ያጨበጭባሉ። በኋለኛው ወንበር አስቀመጧቸውና ጓይላ ከፈቱ። አሮጊቷ መዳፋቸውን ከወንበሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ልጃቸው ፊታቸውን ያይ ነበር እንጂ አልጠየቃቸውም። ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲደርስ፣ ከበሮው በሚፈጥንበት በዚያች ቅጽበት፣ ከማንም ቀድመው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ደረበ» አሉ።