በቴምፕልሆፍ ሜዳ

አንድ እንግሊዛዊ ወዳጃችን አባታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያቋቋሙትን የጭነት አይሮፕላን ማኅበር ታሪክ ከበራሪዎቹ ቤተ ሰቦች ዘንድ ሲፈልጉ፣ እኛም እስከ በርሊን አብረናቸው ሄድን። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. የየብሱ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ቀድሞ ቦምብ ይጥሉ የነበሩ ሃሊፋክሶች ተለውጠው ለከተማው ነዳጅ አመላልሰዋል። የቴምፕልሆፍ አይሮፕላን ማረፊያ ዛሬ መናፈሻ ነው፤ በ1951 ዓ.ም. የቆመው ሐውልት ግን ሦስቱን የአየር መንገዶች እያመለከተ ወደ ምዕራብ እንደ ዞረ አለ። በግርጌውም ከእንግሊዝ ወገን 39፣ ከአሜሪካ ወገን 31 የሞቱ ሰዎች ስም ተጽፏል።

ከሐውልቱ ሥር አንዲት ወይዘሮ የአባታቸውን የበረራ መዝገብ ይዘው ቈዩን። ጽሕፈቱ ከገጹ እኩሌታ ላይ ተቋርጦ ቀርቷል። «አባትዎ ለእናቴ ደብዳቤ ጽፈው ነበርን?» ብለው ጠየቁ። ወዳጃችንም ከአባታቸው ወረቀቶች መካከል ያገኙትን፣ ያልተላከውን ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው።