አባባ ሁለት ጊዜ ሲዘምሩ

የባለቤቴ አባት በገና የሚደረድሩት በሁዳዴ ብቻ ነው። ማታ ማታ፣ የሳሎኑ መብራት ቀነስ ተደርጎ። በሌላው ጊዜ በገናው ነጠላ ለብሶ መኝታ ቤታቸው ጥግ ይቆማል። ባለፈው ዓመት ጾሙ ሲጋመስ “ልጄ፣ ጣቶቼ እየከበዱኝ ነው” አሉኝ። ሳልቀርጻቸው ጾሙ ማለፍ የለበትም ብዬ የተነሳሁት ያን ዕለት ነው።

ዱከም ለምትኖሩ ሁዳዴ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ሥጋ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ለጥሬ ሥጋ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው መኪና ይቀራል። የማይጾመው ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው የአዳማ መንገድ ብቻ ነው። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህም ቢሆን ተሳቢና ሲኖትራክ አይጠፋበትም።

በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ማይክ ገዛሁ። ስለ ማዳመጫ ግን አላሰብኩም፤ ለልደቴ የተሰጠኝ ነበራ! ገመድ አልባ፣ የውጭ ጫጫታ የሚያጠፋ፣ ቤዙ ደረት የሚመታ። ወደ ሥራ ስመላለስ ከስንት የታክሲ ጭቅጭቅ አድኖኛል።

አባባ ጆሮ ላይ አደረግሁላቸው። አንድ ስንኝ ጀመሩና አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አቆሙ። “ማነው ከኋላ ከኋላዬ የሚዘምረው?” አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

የሚከተላቸው የራሳቸው ድምፅ ነበር። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ይልካል፣ ማዳመጫው ፈትቶ ያሰማል፤ በዚህ መሃል ከሰከንድ ያነሰች መዘግየት ትፈጠራለች። ዘፈን ብቻ ስንሰማ ጨርሶ አናውቃትም። የሚዘምር ሰው ግን የገዛ ድምፁን ዘግይቶ ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል።

አወለቅሁላቸውና ማዳመጫውን እኔው አጠለቅሁት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሁለት መዝሙር ደረደሩ፤ ሁለተኛውን ከዚያ በፊት ከእርሳቸው ሰምቼው አላውቅም። በወጣትነታቸው ከመምህራቸው የተማሩት ነው። ሲያበቁ ቀረጻውን በዚያው ማዳመጫ ሰማሁት። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ግሩም። እንባዬ መጣ።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ስከፍተው ደነገጥኩ። የበገናው ድምፅ ቀጥኗል፤ ከሥሩ ደግሞ የማያቋርጥ “እምምም” አለ። ፍሪጃችን ነው። ሁለተኛው መዝሙር መሃል ላይ ሲኖትራክ ገብቶበታል። ለካ ያ ማዳመጫ ሁለት ጊዜ አሞኝቶኛል። ሲቀረጽ የፍሪጁን ድምፅ ከጆሮዬ አጠፋልኝ፤ ማይኩ ግን ይሰማው ነበር። መልሼ ሳዳምጥ ደግሞ ቤዙን አግንኖ ያንኑ ጉርምርምታ የበገናው ግርማ አስመሰለልኝ።

ይደገማል ብዬ ተጽናናሁ። ከፋሲካ በኋላ አባባን ስትሮክ መታቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ይራመዳሉ፣ ይናገራሉ። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን አልታዘዝ አሉ። በገና የሚደረደረው ደግሞ በግራ እጅ ነው።

አሁን ያለኝ ያ የተበላሸ ቀረጻ ብቻ ነው። ላድነው ከሆነ በትክክል የሚያሰማኝ ነገር ያስፈልገኝ ነበርና ማዳመጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሻጮች ሁሉ የሚያስሞክሩት መስኮት የሚያርገበግብ ዘፈን ነው፤ በዚያ ማንኛውም ማዳመጫ ጥሩ ይመስላል። የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የዓለሙ አጋን በገና ይዤ ሄድኩ፤ “ኢትዮጲክስ” ከተባሉት ተከታታይ አልበሞች 11ኛው የእሳቸው ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ ያ ንብ የሚመስል እዝታው የሚመጣው በአውታሮቹና በበርኩማው መካከል ከሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዚራው ነው። ቤዝ የሚያበዛ ማዳመጫ እዝታውን ይውጠዋል። አንድ ሻጭ “እህቴ፣ በዚህ ዘፈን ማን ማዳመጫ ይገዛል?” አለኝ። እኔ!

የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ለቀረጻ የሚሆነው ባለገመድና ጆሮን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው፣ ለምሳሌ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600፣ ጸጥ ባለ ክፍል ብቻችሁን ሙዚቃ ስታጣጥሙ ሰፊና የማያደክም ድምፅ ይሰጣችኋል፤ በቀረጻ ጊዜ ግን ድምፁ አፈትልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ደግሞም 300 ኦም ስለሆነ ስልክ እንደሚገባ ላይገፋው ይችላል። ኦሙን ሳታዩ አትግዙ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ስሙ አንድ ሆኖ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር የሚስማማው ባለ 32ቱ ነው። ገመዱን ማይኩ ላይ የራሱ መሰኪያ ካለ እዚያው ሰኩት፤ ያን ጊዜ ድምፁ ኮምፒውተሩን ዞሮ ስለማይመጣ ከኋላ የሚከተል ዘማሪ አይኖርም።

እኔ በመጨረሻ የያዝኩት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየስቱዲዮው የሚታየውን ሶኒ ኤምዲአር 7506 ነው። ሐሰተኛ ቅጂ ፈርቼ ከውጭ በዘመድ አስመጣሁት። የ12 ዓመቱ ልጄ አንድ ዘፈን ሰምቶበት “ማሚ፣ ቤዙ የት ሄደ?” ብሎ መለሰልኝ። እሰየው! ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ የሚሰማበት ሌላ ማዳመጫ ስላለው በዚያ ነው የምንጨቃጨቀው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ወሰን 75 ዴሲቤል ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ስልኩ ላይ የድምፅ ገደብ አስገብቼበታለሁ።

በአዲሱ ማዳመጫ ያን ቀረጻ ስከፍተው ፍሪጁ እንደ ባዕድ ለብቻው ተለይቶ ተሰማኝ። በኮምፒውተር ቀነስኩት። አብዝቼ ስቆርጥ የወፍራሙ አውታር ድምፅ አብሮ ሄደብኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ተውኩለት። በሁለቱ መዝሙሮች መሃል ከዚያ በፊት ያልሰማሁት ነገርም አለ፦ አባባ በሹክሹክታ “ውኃ ስጡኝ” ሲሉ፣ ብርጭቆው ጠረጴዛ ሲነካ።

ባለፈው እሁድ ማዳመጫውን አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲኖትራኩ ሲያልፍ “ይሄ ደግሞ ወዴት ነው?” ብለው ፈገግ አሉ። ሁለተኛው መዝሙር እስኪያልቅ የግራ እጃቸው ሦስቱ ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

“ድገሚልኝ” አሉ።